የኒውክሌር አረር ፈረሰ ሲባል በምን ይረጋገጣል? ራሳቸው ዒላማ የሚመርጡ መሣሪያዎችስ?

ጥያቄ፦ «አንድ አገር ይህን ያህል የኒውክሌር አረር አፍርሻለሁ ብሎ ቢያውጅ ሌላው አገር በምን ያምነዋል? ሳተላይት አይበቃም ወይ? በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዒላማ መርጠው የሚመቱ መሣሪያዎችንስ በዚያው መንገድ መቆጣጠር ይቻላል?»

መልስ፦ እስከ ዛሬ በዓለም አቀፍ ውል፣ በሌላ አገር ዓይን እየታየ የፈረሰው በአብዛኛው አረሩ (የሚፈነዳው የኒውክሌር ክፍል) ሳይሆን ተሸካሚው ነው፤ ሚሳኤሉ፣ የሚሳኤሉ ጉድጓድ፣ ቦምብ ጣዩ አውሮፕላን፣ ሰርጓጅ መርከቡ። አረሩን ራሱን ማረጋገጥ የሚያስችለው ዘዴ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲሞከር ቆይቷል። ሳይንሱ ብዙ ርቀት ሄዷል፤ በውል ግን አንድም አረር በዚህ ዘዴ አልፈረሰም። ራሳቸው ዒላማ ለሚመርጡት መሣሪያዎች ይኸው መንገድ እንዳለ ተወስዶ አይሠራም። የቆመበት መርህ ግን ይሠራል፤ ከመደራደር በፊት በውጭ ሰው ሊታይና ሊቆጠር የሚችለውን ነገር መለየት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተሸካሚው የተመረጠው ትልቅ ስለሆነ፣ ለመደበቅ ስለሚያስቸግርና ሲቆረጥ ስለሚታይ ነው። አሜሪካ ከሶቭየት ኅብረት ጋር በ1991 በተፈረመው፣ የረጅም ርቀት የኒውክሌር መሣሪያዎችን በሚቀንሰው የመጀመሪያው የስታርት ውል መሠረት 365 ቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን አሪዞና በሚገኘው የዴቪስ-ሞንታን አየር ኃይል ሰፈር ቆራርጣለች። ክንፍና ጅራታቸው ተቆርጦ ሜዳ ላይ እንዲቆዩ የተደረገው የሩሲያ ሳተላይት ከላይ አልፎ ፎቶ እንዲያነሣቸው ነው። ሬጋንና ጎርባቾቭ በ1987 የፈረሙት የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎች ውል ደግሞ ከምድር ተተኩሰው ከ500 እስከ 5,500 ኪሎ ሜትር የሚጓዙ ሚሳኤሎችን በሙሉ ከለከለ። በ1991 አጋማሽ 2,692 ሚሳኤሎች ወድመው ነበር፤ 1,846ቱ የሶቭየት ኅብረት፣ 846ቱ የአሜሪካ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ይህ ውል ሚሳኤሉ ከመውደሙ በፊት የኒውክሌር ክፍሉንና የአቅጣጫ መምሪያውን ነቅሎ ማስቀረትን መፍቀዱ ነው። ስለዚህ «ይህን ያህል ሚሳኤል ወደመ» የሚል ዜና ሲያነቡ ያ ቁጥር የአረር ቁጥር አለመሆኑን ልብ ይበሉ።

ወደ ሳተላይቱ ልምጣ። ሳተላይት ጉድጓድ፣ ግንባታ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የጥበቃ አጥር ያያል። በ2021 ቻይና በዩመንና በሃሚ በረሃዎች እያስቆፈረች የነበረውን የሚሳኤል ጉድጓድ መስክ የደረሱበት ተመራማሪዎች የተጠቀሙት ማንም ገዝቶ ሊያየው የሚችለውን የንግድ ሳተላይት ፎቶ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ሚሳኤል ይኑር አይኑር፣ ሚሳኤሉ ላይ አንድ አረር ይሁን ሦስት ግን ሳተላይት አይነግርዎትም። በ1987ቱ ውል የገጠመው ችግር ይህን በደንብ ያሳያል። የተከለከለው የሶቭየት ኤስ.ኤስ.-20 ሚሳኤል የመጀመሪያ ክፍል፣ ካልተከለከለው ኤስ.ኤስ.-25 የመጀመሪያ ክፍል ጋር ከውጭ ሲታይ ይመሳሰላል። ሁለቱም የሚገጣጠሙት ቮትኪንስክ በሚባል ከተማ ባለ አንድ ፋብሪካ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ፈታሾች በፋብሪካው በር ላይ ለዓመታት ተመድበው የሚወጣውን ሣጥን በግዙፍ የኤክስሬይ መሣሪያ ያዩ ነበር። በሚሳኤል ሰፈሮች ደግሞ ሌላ ብልሃት ተገኘ። ኤስ.ኤስ.-20 ሦስት አረር ሲሸከም ኤስ.ኤስ.-25 አንድ ብቻ ስለሚሸከም፣ ከሣጥኑ ውጭ የሚለካው የኒውትሮን ጨረር ሥርጭት ይለያያል። ሣጥኑ ሳይከፈት ውስጡ የትኛው እንደሆነ በዚያ ይታወቃል።

ከዚህ ልምድ የወጣው አሠራር እስካሁን ከነበሩት በጣም ከተሟሉት አንዱ ነው፤ አሜሪካና ሩሲያ በ2010 የፈረሙት አዲሱ ስታርት። ጣሪያዎቹ ሦስት ነበሩ፤ 1,550 የተጠመዱ አረሮች፣ 700 የተሰማሩ ሚሳኤሎችና ቦምብ ጣዮች፣ እንዲሁም ያልተሰማሩትን ጨምሮ 800 ማስወንጨፊያዎችና ቦምብ ጣዮች። ሁለቱ አገሮች በየስድስት ወሩ ሙሉ የመረጃ ሰንጠረዥ ይለዋወጡ ነበር። እያንዳንዱ ሚሳኤልና ቦምብ ጣይ የራሱ መለያ ቁጥር ነበረው፤ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሲዛወር ማሳወቂያ ይላክ ነበር። ፈታሾች በዓመት እስከ 18 ጊዜ መሄድ ይችሉ ነበር፤ 10 ጊዜ የተሰማሩ መሣሪያዎች ወዳሉባቸው ሰፈሮች፣ 8 ጊዜ ያልተሰማሩት ብቻ ወዳሉባቸው።

አንዱ ፍተሻ እንዲህ ይካሄድ ነበር። ፈታሾቹ አገሪቱ መግቢያ ከመድረሳቸው ቢያንስ 32 ሰዓት አስቀድመው መምጣታቸውን ያሳውቃሉ፤ የትኛው ሰፈር እንደሚሄዱ ግን የሚናገሩት ከገቡ በኋላ ነው። የሰፈሩ ስም እንደተነገረ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚያ ያለው ሚሳኤል ሁሉ እንቅስቃሴው ይታገዳል። ሲደርሱ አስተናጋጁ «በዚህ ሚሳኤል ላይ ሁለት፣ በዚያኛው አንድ አረር አለ» እያለ ዝርዝሩን ይሰጣቸዋል። እነሱ ከዝርዝሩ አንድ ይመርጣሉ። የሚሳኤሉ አፍንጫ ይከፈትና አረሮቹ ጨርቅ መሰል ሽፋን ለብሰው ይታያሉ፤ ቅርጻቸው ምስጢር ስለሆነ ፈታሹ የሚቆጥረው ከሽፋኑ ሥር ያሉትን ጉብታዎች ነው። አስተናጋጁ «ይህኛው አረር አይደለም፣ ተራ ዕቃ ነው» ካለ የኒውትሮን መለኪያ ይቀርባል፤ ጨረር ከሌለ ቃሉ እውነት ነው። የዘዴው ጥንካሬ ያለው በዕጣው ነው። አታላዩ የትኛው ሚሳኤል እንደሚመረጥ ስለማያውቅ ብዙ ሚሳኤሎች ላይ ትርፍ አረር ከጫነ አንዱ ላይ የመያዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ደካማ ጎኑም ግልጽ ነበር። ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ምንም ያህል ቦምብ መሸከም ቢችል እንደ አንድ አረር ይቆጠር ነበር። መጋዘን ውስጥ ያለው አረር ከቁጥሩ ውጭ ነበር። አጭር ርቀት የሚሄዱት የጦር ሜዳ አረሮች ጭራሽ አልተነኩም። ፍተሻው በማርች 2020 በኮቪድ ምክንያት ቆመ፣ በፌብሩዋሪ 2023 ሩሲያ በውሉ መሳተፏን አገደች፣ ሰንጠረዡና ማሳወቂያውም ተቋረጡ። ውሉ የሚፈቅደው ማራዘሚያ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በ2021 ተወስዶ ነበር፤ የመጨረሻ ቀኑ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 ነበር። የስቶክሆልሙ የሰላም ምርምር ተቋም በጃንዋሪ 2025 የዓለምን አረሮች 12,241 አድርጎ ገምቷል፤ ከዚያ ውስጥ አብላጫው የሁለቱ አገሮች ነው። ይህን ያህል መሣሪያ በእርስ በርስ ፍተሻ አለመታየቱ እጅግ የሚያሳስብ ነገር ነው።

አሁን ከባዱ ክፍል ላይ ደረስን፤ አረሩ ራሱ። ችግሩ እንዲህ ነው። ፈታሹ «ይህ ሣጥን ውስጥ ያለው እውነተኛ አረር ነው ወይስ የብረት ማታለያ?» ብሎ ማረጋገጥ አለበት። አስተናጋጁ ደግሞ የአረሩን አሠራር ማሳየት አይችልም። ለራሱ ምስጢር ከመጨነቁም በላይ፣ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት መሣሪያው የሌላቸውን አገሮች በሥራው መርዳትን ይከለክላል። ስለዚህ ፈታሹ ማወቅ ያለበት «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ነው።

ጨረር መለካት ቀላሉ ክፍል ነው። በጁላይ 1989 የአሜሪካና የሶቭየት ሳይንቲስቶች ጥቁር ባሕር ላይ፣ ስላቫ በተባለው የሶቭየት የጦር መርከብ ተገናኝተው ከአንድ ክሩዝ ሚሳኤል ማስወንጨፊያ ውጭ የጋማ ጨረር ለኩ። አረሩ እንዳለ በግልጽ ታየ። የታየው ግን ከሚፈለገው በላይ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት መለኪያ የሚያወጣው ሥዕል ውስጡ ምን ቁስ እንዳለና እንዴት እንደተሸፈነ ፍንጭ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ «መለካት እንዴት ይቻላል» ከሚለው «የተለካውን እንዴት እንሰውረው» ወደሚለው ዞረ።

መፍትሔው የመረጃ ግርዶሽ ይባላል። ከ1996 እስከ 2002 አሜሪካ፣ ሩሲያና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በጋራ የሠሩት፣ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ብሪታንያና ኖርዌይ የቀጠሉት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። መሣሪያው የጀርማኒየም ጨረር መለኪያ፣ ከሱ ጋር የተያያዘ ኮምፒውተርና ሁሉንም የሚያቅፍ ዝግ ሣጥን አለው። ሣጥኑ ምንም ዓይነት የኤሌክትሮኒክስ ምልክት እንዳያወጣ በብረት ይታጠራል። ኮምፒውተሩ ፕሉቶኒየም መኖሩን፣ ፕሉቶኒየም 240 እና 239 የተባሉት ሁለት የፕሉቶኒየም ዓይነቶች ምጥጥን የጦር መሣሪያ ዓይነት መሆኑን፣ መጠኑም ከተስማሙበት ወለል በላይ መሆኑን ይመረምራል። ለፈታሹ የሚወጣለት አረንጓዴ ወይም ቀይ መብራት ብቻ ነው። ብሪታንያና ኖርዌይ በ2009 ሲለማመዱ በእውነተኛ አረር ምትክ ኮባልት-60 የተባለ የጨረር ምንጭ ተጠቅመዋል፤ ኖርዌይ መሣሪያው የሌላት አገር ስለሆነች ምስጢር ሳይነካ ልምምዱን ማድረግ የተቻለው በዚህ ነው።

ከባዱ ጥያቄ መብራቱን ማን ያምነዋል የሚለው ነው። ማንም አገር በባዕድ የተሠራ ኤሌክትሮኒክስ አረሩ አጠገብ አያስደርስም፤ ስለዚህ መለኪያውን የሚያቀርበው ራሱ አስተናጋጁ ነው። ታዲያ አስተናጋጁ በሣጥኑ ውስጥ የተደበቀ ማብሪያ ቢያስቀምጥስ? ለምሳሌ በተወሰነ ሰዓት ወይም በተወሰነ ሙቀት ሁልጊዜ አረንጓዴ የሚያበራ? ለዚህ የተለመደው መከላከያ ዕጣ ነው። አስተናጋጁ አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ መለኪያዎችን ያቀርባል፤ ፈታሹ አንዱን ለሥራ ይመርጣል፣ ሌሎቹን ወደ አገሩ ወስዶ እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈታቸዋል። ለሥራ የዋለው ግን ምስጢር ይዞ ሊቀር ስለሚችል ከግቢው አይወጣም። ዕጣውም የማይፈታው ነገር አለ፤ ዘመናዊ የኮምፒውተር ቺፕ በውስጡ በቢሊዮን የሚቆጠር ትራንዚስተር ስላለው ተፈትቶም ንጹሕነቱን መመስከር ያስቸግራል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚህ ያቀረቡት መልስ በጣም ብልህ ነው። በ1975 ገበያ ላይ በዋለው 6502 በተባለ ቺፕ መለኪያ ሠሩ። በሺዎች ብቻ የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች ስላሉት በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይታያል፤ በተሠራበት ዘመን ደግሞ ለአረር ፍተሻ ይውላል ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ተንኮል ተቀብሮበታል የሚል ሥጋት የለም።

ሁለተኛው መንገድ ማመሳከር ነው። አረሩ ምን እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ «ይህኛው ከዚያኛው ጋር አንድ ነው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። በ2014 ተመራማሪዎቹ ግላዘር፣ ባራክና ጎልድስተን ያቀረቡት ሐሳብ ምስጢሩ ጭራሽ ሳይለካ ይህን ያደርጋል። 14 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ኒውትሮን በዕቃው ውስጥ ያልፍና ማዶ ያሉ መቁጠሪያዎች ላይ ያርፋል። መቁጠሪያዎቹ ግን ባዶ አይደሉም፤ አስተናጋጁ አስቀድሞ የአረሩን ምስል የሚያሟላ ቁጥር በስውር ሞልቶባቸዋል። ዕቃው እውነተኛ ከሆነ የተሞላውና የተለካው ተደምረው በሁሉም መቁጠሪያ እኩል ይሆናሉ፤ ወጣ ገባ የለም፣ የሚነበብ ምስልም የለም። ዕቃው ከተቀየረ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። አስተናጋጁ ለማታለያው የተለየ ቁጥር እንዳይሞላ፣ የትኛው የመቁጠሪያ ስብስብ ለየትኛው ዕቃ እንደሚውል ፈታሹ በዕጣ ይወስናል። በ2016 በብረትና በአሉሚኒየም ኩቦች ተሞክሮ ሠርቷል። የዚህ ዘዴ ጉድለት ከመለኪያው ውጭ ነው፤ ማመሳከሪያው ራሱ ማታለያ ከሆነ ሁለት ማታለያዎች ፍጹም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ማመሳከሪያ የሚሆነው አረር ከመጋዘን ሳይሆን፣ በፈታሹ ምርጫ፣ በሰፈሩ ላይ ከተጠመደ ሚሳኤል መወሰድ አለበት። አገር ለውጊያ ባሰለፈው ሚሳኤል ላይ ማታለያ ጭኖ አይጠብቅም።

አረሩ እውነተኛ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ያለው ሥራ ጥበቃ ነው፣ አድካሚና ረጅም ጥበቃ። አረሩ የገባበት ዕቃ መያዣ በማኅተም ይታሸጋል፤ ማኅተሙ ሲሰበር የማይደበቅ፣ መልሶ ቢሠራ የማይመሳሰል መሆን አለበት። ማፍረሻ ክፍሉ ከሥራው በፊት ባዶ መሆኑ በፈታሾች ይፈተሻል፤ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ የአየር ማስተላለፊያው ሁሉ። ከዚያ ፈታሾቹ ይወጣሉ፤ ፈንጂው ከኒውክሌር ክፍሉ ሲለያይ አያዩም። በበሩ ላይ ጨረር መለኪያ ስለተተከለ የገባና የወጣው ይመዘገባል። ሥራው ሲያልቅ የወጣው ቁስ በመረጃ ግርዶሽ ይለካል፣ ፈንጂው ከኒውክሌር ቁስ ነጻ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ክፍሉም እንደገና ባዶ መሆኑ ይታያል። ጀርመንና ፈረንሳይ በ2019 ዩሊሽ በሚገኘው የምርምር ማዕከል፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ኖርዌይና ስዊድን ደግሞ በ2017 እንግሊዝ አገር ባለ የአየር ኃይል ሰፈር ይህንኑ ተለማምደዋል። ልምምድ ላይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ፊዚክሱ አይደለም፤ የተረሳ ማኅተም ቁጥር፣ በፈንጂ አጠገብ የማይፈቀድ የካሜራ ባትሪ፣ ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ቅጽ የሞሉት መዝገብ ነው። ድርድር ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ለእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ጊዜ ካልሰጡ ፍተሻው የሚሰነካከለው እዚያ ነው።

አረሩ ፈርሶም ፕሉቶኒየሙና ዩራኒየሙ ይቀራሉ። የፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜ 24,000 ዓመት ያህል ስለሆነ በራሱ አይጠፋም። የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው አንድ ቦምብ የመሥራት ዕድል ሊገለል የማይችልበት መጠን ብሎ የሚቆጥረው 8 ኪሎ ፕሉቶኒየም ወይም በከፍተኛ ደረጃ በበለጸገ ዩራኒየም ውስጥ 25 ኪሎ ዩራኒየም 235 ነው። እስካሁን ከተሠራው ሁሉ በእኔ ግምት ትልቁ ውጤት የተገኘው በዚህ በኩል ነው። በ1993ቱ የአሜሪካና የሩሲያ ውል መሠረት እስከ 2013 ድረስ 500 ቶን የሩሲያ የጦር መሣሪያ ዩራኒየም በዝቅተኛ ደረጃ በበለጸገ ዩራኒየም እየተቀየጠ ለአሜሪካ የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ ሆኗል፤ ወደ 20,000 አረር የሚገመት ቁስ ማለት ነው። ለፕሉቶኒየም ግን እንዲህ ያለ ቀላል መንገድ የለም፤ በዝቅተኛ ቁስ ቀይጦ ከጥቅም ውጭ ማድረግ አይቻልም። እያንዳንዱ አገር 34 ቶን እንዲያስወግድ በ2000 የተደረሰውን ስምምነት ሩሲያ በ2016 አግዳዋለች፤ አሜሪካም ለዚሁ የጀመረችውን ፋብሪካ በ2018 ትታዋለች።

እዚህ ላይ የሒሳቡ ስህተት ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ በ1996 ባሳተመችው ዘገባ በ50 ዓመት ውስጥ ካመረተችውና ካገኘችው 111.4 ቶን ፕሉቶኒየም 2.8 ቶኑ በመዝገብና በመጋዘን መካከል ልዩነት ሆኖ ተገኝቷል። ተሰርቋል ማለት አይደለም፤ በቧንቧ ውስጥ የቀረ፣ በቆሻሻ የወጣ፣ በድሮ መለኪያ በስህተት የተጻፈ ነው። ሆኖም 2.8 ቶን በ8 ኪሎ ሲካፈል 350 ቦምብ ይሆናል። ስለዚህ ዓለም ወደ ዜሮ እየቀረበ ሲሄድ ጥቂት አረር ደብቆ ማስቀረት እየቀለለ ሳይሆን እየጠቀመ ይመጣል፤ የድሮው ምርት በትክክል መታወቁም የዚያኑ ያህል አስፈላጊ ይሆናል። ለዚህ የሚያገለግል «የኒውክሌር አርኪዎሎጂ» የተባለ ዘዴ አለ። ፕሉቶኒየም ያመረተ የግራፋይት ሪአክተር በዕድሜው ስንት ኒውትሮን እንደመታው ግራፋይቱ ውስጥ ያሉ እንደ ቦሮን ያሉ ጥቃቅን ቆሻሻዎች ይናገራሉ፤ ከዚያ ተነሥቶ ጠቅላላ ምርቱን ማስላት ይቻላል። የሚበላሸው ሪአክተሩ ከመለካቱ በፊት ሲፈርስ ነው፤ ስለዚህ ለማፍረስ የሚቸኩል አገር ናሙና አስቀርቶ ቢያፈርስ ይመረጣል።

የራሷን ቦምብ ሠርታ ራሷ ያፈረሰች ብቸኛ አገር ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ልምዷም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ስድስት ቦምብ ነበራት፣ ሰባተኛው ተጀምሮ ነበር። አፍርሳ ከጨረሰች በኋላ በጁላይ 1991 የኒውክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት ፈረመች፤ ፕሬዚዳንት ዴ ክለርክ ይህን ለሕዝብ የተናገሩት በማርች 1993 ነው። ቦምቦቹ ሲፈርሱ የውጭ ታዛቢ አልነበረም፣ የንድፍ ሰነዶቹም ተቃጥለዋል ወይም ተቀዳደዋል። ኤጀንሲው ግን ቃሏን ማረጋገጥ የቻለው የማበልጸጊያ ፋብሪካው የየቀኑ የሥራ መዝገብ ስለተቀመጠ ነው። ስንት ኤሌክትሪክ እንደበላ፣ ስንት ዩራኒየም ገብቶ ስንት እንደወጣ እየተደመረ ተመረመረ፤ ለሙከራ በቃላሃሪ በረሃ የተቆፈሩት ጉድጓዶችም በታዛቢ ፊት ተደፈኑ። አንድ አገር ወደፊት መታመን ከፈለገ ንድፉን ቢያጠፋ ችግር የለውም፤ የምርት መዝገቡን ግን ሊጠብቀው ይገባል።

የሙከራ ፍንዳታን መቆጣጠር ከሁሉም የተሻለ ደረጃ ላይ ስላለ በአጭሩ ልለፈው። የ1996ቱ አጠቃላይ የሙከራ እገዳ ውል ገና ሥራ ላይ ባይውልም 337 ጣቢያዎችና ላቦራቶሪዎች የታቀዱለት መረብ አብዛኛው ተተክሎ እየሠራ ነው። 170ው የመሬት ንዝረት፣ 11ዱ የውኃ ውስጥ ድምፅ፣ 60ው ለጆሮ የማይሰማ የአየር ሞገድ፣ 80ው በአየር ላይ ያለ ጨረር ይለካሉ፤ 16ቱ ላቦራቶሪዎች ናቸው። ሰሜን ኮሪያ በኦክቶበር 2006 ያደረገችው የመጀመሪያ ሙከራ ከአንድ ኪሎ ቶን በታች ቢሆንም ንዝረቱ ወዲያው ተመዘገበ፤ ከቀናት በኋላም ካናዳ የሎናይፍ ባለው ጣቢያ ከፍንዳታው የወጣ ዜኖን ጋዝ ተገኘ።

የሕግ መድረኩን በተመለከተ፣ በ2017 በ122 አገሮች ድምፅ የጸደቀውና በጃንዋሪ 2021 ሥራ ላይ የዋለው የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ክልከላ ስምምነት፣ መሣሪያ ይዞ የሚቀላቀል አገር ቢበዛ በ10 ዓመት እንዲያፈርስ ይጠይቃል። ማፍረሱን የሚያረጋግጠው «ብቁ ዓለም አቀፍ ባለሥልጣን» ግን ገና አልተሰየመም። መሣሪያ ያላቸው ዘጠኙ አገሮች አንዳቸውም አልፈረሙም። ቢሆንም እነዚያ አገሮች ፈቃደኛ በሚሆኑበት ቀን ከላይ የዘረዘርኩት የማኅተም፣ የመለኪያና የዕጣ ሥርዓት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፤ ያኔ ከዜሮ መጀመር ዓመታት ያስወጣል።

ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንመጣ የሚቆጠረው ነገር ይጠፋብናል። ዛሬ ለኦፕሬተሩ ምስል ብቻ የሚልክ ድሮን ነገ አንድ ፋይል ሲጫንበት ራሱ ዒላማ መርጦ የሚመታ ይሆናል። ከውጭ ምንም አይለወጥም፤ ክብደቱ፣ ጨረሩ፣ የሳተላይት ፎቶው ያው ነው። ፈታሽ መጥቶ ኮዱን ቢያነብና ንጹሕ ቢያገኘው፣ ፈታሹ ሲሄድ ሌላ ኮድ መጫን የደቂቃ ሥራ ነው። «ስንት ራስ ገዝ መሣሪያ አለህ?» ብሎ መቁጠር ስለዚህ ከንቱ ነው።

እስካሁን የተደረሰበት መግባባት በአብዛኛው የመርህ ነው። በጄኔቭ በተለመዱ የጦር መሣሪያዎች ስምምነት ሥር የሚሰበሰበው የባለሙያዎች ቡድን በ2019 አሥራ አንድ መርሆዎች አጽድቋል። በዲሴምበር 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ166 ድምፅ ድጋፍ ውይይቱ እንዲቀጥል ወስኗል፤ ዋና ጸሐፊው ጉቴሬዝ ደግሞ እስከ 2026 አስገዳጅ ውል እንዲደረስ ጠይቀዋል። በኖቬምበር 2024 ባይደንና ሺ ጂንፒንግ ሊማ ላይ ሲገናኙ የኒውክሌር መሣሪያን የመጠቀም ውሳኔ በሰው እጅ መቆየት እንዳለበት ተስማምተዋል። ይህ ቃል በጣም የሚያስፈልግ ቃል ነው፤ የሚያረጋግጠው አሠራር ግን አልተዘረጋለትም።

ሊሠሩ ይችላሉ ብዬ የማምንባቸው መንገዶች ዕቃውን ትተው ድርጊቱን የሚይዙ ናቸው። ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ከጠፈር የተገኘ ነው። ሳተላይት ሊመታ የሚችል ሚሳኤልን መከልከል እጅግ ያስቸግራል፤ ሚሳኤልን የሚመክት ሚሳኤልም ሳተላይት መምታት ይችላልና። ሩሲያ በኖቬምበር 2021 ኮስሞስ 1408 የተባለውን የራሷን ሳተላይት መትታ ከ1,500 በላይ ከምድር የሚታይ ስብርባሪ ከበተነች በኋላ፣ አሜሪካ በኤፕሪል 2022 እንዲህ ያለ አውዳሚ ሙከራ እንደማታደርግ አሳወቀች፤ በዚያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤው በ155 ድምፅ ደገፈው። የታገደው መሣሪያው ሳይሆን ስብርባሪ የሚተው ሙከራ ነው፤ ስብርባሪውን ደግሞ ራዳር ያለው ሁሉ ያየዋል፣ ማንም ሊክደው አይችልም። ከድምፅ ብዙ እጥፍ የሚፈጥኑ መሣሪያዎችም ላይ ተመሳሳይ መንገድ ነበረ፤ የሩሲያ አቫንጋርድ አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል ላይ ስለሚጫን በአዲሱ ስታርት ውስጥ ተቆጥሯል፣ በኖቬምበር 2019ም ለአሜሪካ ፈታሾች ታይቷል።

ለራስ ገዝ መሣሪያዎች የሚታየው ድርጊት ምንድን ነው? የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2021 ባቀረበው አቋም ባህርያቸው ሊተነበይ የማይችሉትና ሰውን ለመምታት የተሠሩት እንዲከለከሉ፣ ቀሪዎቹ ደግሞ በዒላማ ዓይነት፣ በቦታ ስፋት፣ በጊዜ ርዝመትና በአጠቃቀም መጠን እንዲገደቡ ጠይቋል። እነዚህ ገደቦች ጥሩ የሚሆኑት ከጥቃት በኋላ ሊጣሩ ስለሚችሉ ነው። መሣሪያው ስንት ሰዓት ሲዞር እንደቆየ፣ የት እንደመታ፣ ምን እንደመታ ፍርስራሹና ሳተላይቱ ይመሰክራሉ። በዚህ ላይ መዝገብ ሊጨመር ይችላል። መሣሪያው ያየውንና ኦፕሬተሩ ያዘዘውን እየመዘገበ፣ የመዝገቡ ዲጂታል አሻራ በየቀኑ ለሦስተኛ ወገን ይላካል። ከአሻራው ተነሥቶ መዝገቡን ማንበብ አይቻልም፤ መዝገቡ በኋላ በአንድ ፊደል ቢቀየር ግን አሻራው አይገጥምም። ክስ ሲነሣ አገሪቱ የዚያን ቀን መዝገብ ትከፍታለች፤ የሌላው ቀን ምስጢሯ አይነካም። ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም፤ አሻራው መዝገቡ አለመነካቱን እንጂ ከመጀመሪያውም እውነት ተጽፎበት እንደነበር አያረጋግጥም። ስለዚህ ብቻውን አይበቃም፣ ከፍርስራሹ ምስክርነት ጋር መጋጠም አለበት።

በኒውክሌር ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ውስጥ ግን አስተውሎቱን ስለማስገባት ያለኝ አቋም ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ ያለ እሱም የት ላይ እንደሚሰበር ይታወቃል። በጁን 1980 የአሜሪካ ማስጠንቀቂያ ማዕከል ስክሪኖች ላይ የሚሳኤል ቁጥር እየዘለለ ይታይ ነበር። ምክንያቱ አንድ የተበላሸ ርካሽ ቺፕ ነው። ማዕከሉ የመስመሩን ደኅንነት ለመፈተሽ የጥቃት መልእክት ቅርጽ ያለው፣ የሚሳኤል ቁጥሩ ዜሮ የሆነ መልእክት ያለማቋረጥ ይልክ ነበር፤ ቺፑ ሲበላሽ ዜሮዎቹን በ2 ቁጥር ይተካ ጀመር። ስህተቱ የታወቀው ተረኞቹ ራዳሮቹንና ሳተላይቶቹን በቀጥታ ሲጠይቁ ምንም ስላላዩ ነው። ምንጮቹን ሁሉ አጠቃሎ «ይህን ያህል በመቶ ጥቃት ነው» የሚል አንድ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም በመካከል ቢገባ ያ የተናጠል ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ ይጠፋል። ስለዚህ ስምምነት ሲረቀቅ «ሰው በውሳኔው ውስጥ ይኑር» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሰውየው ከፕሮግራሙ ውጭ ጥሬውን መረጃ ቢያንስ ከሁለት ነጻ ምንጮች ማየት አለበት ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል።

ፈታሽ ሳይላክ፣ አሁኑኑ ሊጀመር የሚችለው ደግሞ ማሳወቂያ ነው። አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በ1988 አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል ለሙከራ ሲተኩሱ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ለመነጋገር ተስማምተዋል። ይህን ወደ ሌሎች አገሮችና ወደ አዳዲስ መሣሪያዎች ማስፋት አዲስ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ የመልእክቱ መንገድ እስከ ጫፍ መሠራት አለበት እንጂ። በጃንዋሪ 25 ቀን 1995 ኖርዌይ ከአንዶያ የሳይንስ ሮኬት ስታስወነጭፍ ሩሲያን አስቀድማ በጽሑፍ አሳውቃ ነበር። ማሳወቂያው ግን በራዳር ፊት ለተቀመጡት ተረኞች አልደረሰም፤ የኒውክሌር ጥቃት ትእዛዝ የሚተላለፍበት የፕሬዚዳንት የልሲን ቦርሳም ተከፈተ። አዲስ የማሳወቂያ ስምምነት የሚያረቅቅ ሰው መልእክቱ ለየትኛው ተረኛ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስና መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ ከማን እንደሚመለስ በአንቀጽ ማስፈር ይገባዋል።